የካርቦን አሻራን ለጤና ተማሪዎች ስታስተምሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንዲያስተምሩ የሚመደቡ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ናቸው። ለጉዳዩም ከልባቸው ይቆረቆራሉ። ክፍል ሲገቡ ግን ሁሉም አንድ መንገድ ይከተላሉ፤ ተማሪዎቹም «ነገሩ ያሳዝናል፣ የእኔ ሥራ ግን አይደለም» ብለው ይወጣሉ። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው የምጽፈው። ስህተቶቹ እኩል አይመዝኑም፤ የመጀመሪያው ብቻውን ትምህርቱን ሊገድለው ይችላል።

ተማሪውን የራሱን አሻራ ማስቆጠር

መምህሩ ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን በስልካቸው የካርቦን ማስያ ያስከፍታቸዋል፤ አኗኗራቸው የሚያስከትለውን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት፣ ማለትም የካርቦን አሻራቸውን፣ የሚያሰላ ነው። በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ ትበላላችሁ? በምን ትመላለሳላችሁ? ባለፈው ዓመት በአውሮፕላን ተሳፍራችኋል? ውጤቱ ሲወጣ አንዱ ይኮራል፣ ሌላው ይሸማቀቃል፣ ሦስተኛው ማስያው ልክ አይደለም ብሎ ይከራከራል። በዚህ መሃል ሰዓቱ ያልቃል። ስለ ታካሚ አንድም ቃል አልተነሳም።

እባካችሁ ይህን ተዉት። ፊታችሁ የተቀመጠው ወጣት ነገ መድኃኒት ያዛል፣ ምርመራ ይልካል፣ የታሸገ ዕቃ ይከፍታል፣ ታካሚ አስተኝቶ ያክማል፤ ይህንንም ለብዙ አሥርት ዓመታት በየቀኑ ያደርገዋል። «ሄልዝ ኬር ዊዝአውት ሃርም» እና «አሩፕ» የተባሉት ተቋማት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት መሠረት የዓለም የጤና ዘርፍ ከአጠቃላዩ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 4.4 በመቶውን ይይዛል፤ አገር ቢሆን ኖሮ ከዓለም አምስተኛው ትልቅ ለቃቂ ይሆን ነበር። ተማሪው እጁን የሚያስገባው እዚህ ውስጥ ነው። የቤቱን አምፖል እንዲቆጥር ስናደርገው ግን ከሙያው አውጥተን ወደ ግል ኑሮው እንመልሰዋለን። በዚያ ላይ ያለ ጥፋቱ እናሳፍረዋለን፤ ከትምህርት ቤቱ ርቆ የሚኖር ልጅ በመኪና መምጣቱ ምርጫው አይደለም።

አንድ ጊዜ የሌላ መምህር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስከታተል፣ ይኸው ማስያ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «እኔ በእግሬ ነው የምመጣው። ትናንት ዋርድ ውስጥ ግን ውጤቱ ጠፋ ተብሎ ከአንድ ታካሚ ለአንድ ምርመራ ሁለቴ ደም ቀዳን። እሱን ማን ይቆጥረዋል?» አለች። ከዚያ የተሻለ የትምህርት መግቢያ አላውቅም። መምህሩ ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ወደ ስላይዱ ተመለሰ።

በእሷ ጥያቄ ጀምሩ። ጠረጴዛ ላይ ለአንድ የደም ቅጂ የሚያስፈልገውን ሁሉ ዘርግፉ፤ ጓንት፣ አልኮል ያለው ጥጥ፣ ክንድ ማሰሪያ፣ መርፌ፣ የናሙና ቱቦ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ናሙናው የሚላክበት ፕላስቲክ ከረጢት። ከዚያ አብዛኛው ካርቦን ከየት እንደሚመጣ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ «ከላቦራቶሪው ማሽን» ይላሉ። በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ትልቁ ድርሻ የመጣው ናሙና ለመውሰድ ከሚውለው ዕቃ ነበር። ሙሉ የደም ቆጠራ 116 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥን ልቀት ሲኖረው፣ ሲአርፒ (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ብዙውን ጊዜ ከሌላ ምርመራ ጋር ስለሚታዘዝ የጨመረው ግማሽ ግራም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው ራሱ ይደርስበታል፤ ቁም ነገሩ ክንዱን ስንት ጊዜ መውጋታችን ነው። ናሙናው ካለ በዚያው ላይ ማስጨመር፣ ምልክቱን በትክክል መለጠፍ፣ «በየጠዋቱ» የሚለውን ትእዛዝ መሰረዝ። በየቀኑ ደም የሚቀዳ ሕመምተኛ በዚሁ ምክንያት ደም ሊያንሰው እንደሚችልም ያን ጊዜ አንሱት። ለታካሚውም ለከባቢ አየሩም የሚበጀው አንድ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ የለም።

ከበረዶ ግግር መጀመር

የዋልታ በረዶ ፎቶ ለጤና ተማሪ አልጋ ላይ ከተኛ ሰው ጋር ካልተያያዘ ሩቅ ነው። በሙቀት ጀምሩ። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2021 እ.ኤ.አ. በደረሰው የሙቀት ማዕበል 619 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ የሞቱት ቤታቸው ውስጥ ነው። ከሟቾቹ መካከል ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር በሕዝቡ ውስጥ ካላቸው ድርሻ እጅግ በልጦ ተገኝቷል። ለምን? ብላችሁ ጠይቁና ፋርማኮሎጂውን ከራሳቸው አውጡ። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ላብን ይቀንሳሉ፤ ዳይዩሬቲክ ፈሳሽ ያስወጣል፤ ሊቲየም የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውሃ ሲያጥረው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ የሚያየው የለም። ይህን የተማረ ነርስ በሙቀት ወራት የታካሚውን የመድኃኒት ካርድ የሚያነበው በሌላ ዓይን ነው።

ከታካሚው በፊት ካርቦኑን ማየት

ይህ አደገኛ ስለሆነ ልዘርዝረው። ኢንሄለር የአስም መድኃኒት በአፍ የሚሳብበት መሣሪያ ነው፤ በጋዝ ግፊት በሚረጨው ዓይነት ውስጥ ያለው የተለመደው ጋዝ ሙቀት በማመቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ በላይ ኃይለኛ ነው። የዱቄት ኢንሄለር ይህ ጋዝ የለውም። መምህሩ ይህን ተናግሮ ወደሚቀጥለው ርዕስ ካለፈ ተማሪው የሚይዘው «ዱቄት ጥሩ፣ ጋዝ መጥፎ» የሚለውን ነው። በቃል ፈተና ላይ አንድ ተማሪ አስም ተነሥቶበት ትንፋሽ ክፉኛ አጥሮት ለመጣ ትንሽ ልጅ የዱቄት ኢንሄለር ሲያዝ ሰምቻለሁ። ምክንያቱን ስጠይቀው በሙሉ እምነት «ለአካባቢ ስለሚሻል» አለኝ። ልጁ ዱቄቱን ለመሳብ የሚያስፈልገው የትንፋሽ ኃይል የለውም! በእንዲህ ያለ ሰዓት በጋዝ የሚረጨው ኢንሄለር ከስፔሰር (መድኃኒቱን ይዞ ቀስ ተብሎ እንዲሳብ ከሚያደርገው ክፍት ዕቃ) ጋር ሕይወት ያድናል፤ ስለ ካርቦንም የሚጠየቅበት ጊዜ አይደለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስጠኗቸው። በመጀመሪያ፣ በሽታው በእርግጥ አስም ነው? ቀጥሎ፣ ታካሚው አሳምሮ ይስባል? አሳዩኝ በሉ፤ ብዙ ሰው ለዓመታት በስህተት ሲስብ ኖሮ ማንም አይቶት አያውቅም። ከዚያ፣ መከላከያውን በየቀኑ ይወስዳል ወይስ ማስታገሻውን ብቻ ነው የሚጨርሰው? ማስታገሻ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው በሽታው ከቁጥጥር ውጪ ነው፤ አሻራውም የሚበዛው እዚያው ላይ ነው። አስሙን በደንብ ስትቆጣጠሩለት ልቀቱም አብሮ ይወርዳል። ዓይነቱን ስለ መቀየር የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከታካሚው ጋር ተመካክሮ፣ አጠቃቀሙን አስተምሮ ነው።

ማደንዘዣ ላይ ግማሹን ብቻ መናገር

ዴስፍሉሬን የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,500 እጥፍ ገደማ እንደሚያሞቅ፣ ሌላው የማደንዘዣ ጋዝ ሴቮፍሉሬን ግን ከ200 እጥፍ በታች እንደሆነ ሁሉም ያስተምራል። ስኮትላንድ ዴስፍሉሬንን በ2023 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት ማውጣቷንም ይጠቅሳሉ። የሚዘለው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ለማደንዘዣና ለሕመም ማስታገሻ የሚተነፈስ ጋዝ። 273 እጥፍ ያሞቃል፣ ከባቢ አየር ውስጥም ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። በኤዲንብራ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች የፋርማሲ ባለሙያዎች የተገዛውን ጋዝ ታካሚ ከተጠቀመው ጋር ሲያስተያዩ አብዛኛው ማንም ሳይተነፍሰው ከማዕከላዊው ቧንቧ እየፈሰሰ መሆኑን ደረሱበት። መፍትሔው ቧንቧውን ዘግቶ ትናንሽ ሲሊንደር መጠቀም ሆነ። ተማሪዎቻችሁ ይህን መስማት አለባቸው፤ ትልቁ ልቀት የሐኪሙ ውሳኔ የማይታይበት ቦታም ሊደበቅ ይችላልና። ያገኙትም የግዢ ደረሰኝና የታካሚ መዝገብ ጎን ለጎን አድርገው ያነበቡ ሰዎች ናቸው።

ሁሉንም ነገር ወደ ቆሻሻ መለየት ማውረድ

ባለ ቀለም ባልዲዎችን ማስተዋወቅ ስለ ኢንፌክሽን ቁጥጥር ትምህርት ነው፤ ስለ ካርቦን የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ከዘርፉ ልቀት 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከአቅርቦት ሰንሰለቱ፣ ማለትም ዕቃውና መድኃኒቱ ሲመረትና ሲጓጓዝ ነው። ስለዚህ የሚሻለው መጀመሪያውኑ አለመክፈት ነው። በለንደን የሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በ2018 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹ ጓንት መቼ እንደሚያስፈልግና መቼ እንደማያስፈልግ እንደገና እንዲማሩ አድርጎ በአንድ ዓመት 21 ቶን ፕላስቲክ አስቀርቷል። ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ ካለ ጓንቱ ግድ ነው፤ የደም ግፊት ለመለካት ግን አያስፈልግም፣ እጅ መታጠብ ነው።

ቁጥርን እንደ ዶዝ ማስሸምደድ

በአንድ የአውስትራሊያ ጥናት አንድ የኤምአርአይ ምርመራ 17.5 ኪሎ ግራም፣ ሲቲ ስካን 9.2፣ የደረት ራጅ 0.8፣ አልትራሳውንድ 0.5 ኪሎ ግራም ገደማ ልቀት ነበረው። ቁጥሮቹን አሳዩ፤ ፈተና ላይ ግን በቃል አትጠይቁ። መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ወይስ ከውሃ ኃይል እንደሚመጣ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ስንት ሰዓት በርቶ እንደሚያድር ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። መያዝ ያለባቸው ልዩነቱን ነው፤ አልትራሳውንድ ጥያቄውን የሚመልስ ከሆነ ለምን ወደ ኤምአርአይ?

አንድ ሌክቸር ሰጥቶ መጨረስ

ኢንሄለሩ ከአስም፣ ጋዙ ከማደንዘዣ፣ ሙቀቱ ከፋርማኮሎጂ ጋር ይሰጥ፤ ለብቻው የቆመ ትምህርት ለብቻው ይረሳል።

አስፈርቶ መሸኘት

ተማሪዎቹ ወጣት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2030 እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የአየር ንብረት ለውጥ በምግብ እጥረት፣ በወባ፣ በተቅማጥና በሙቀት ሳቢያ በዓመት 250,000 ያህል ተጨማሪ ሞት ያስከትላል ብሎ እንደሚገምት ስትነግሯቸው የሚሰሙት ስለ ራሳቸው የሥራ ዘመን ነው። አንዳንዶቹ ክፍሉን ጥለው ሲወጡ አይቻለሁ፤ ግድየለሽነት አይደለም፣ ከብዷቸው ነው። እውነቱን አትደብቁባቸው፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ስጧቸው። ለምሳሌ በዋርዳቸው መዋጥ እየቻሉ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጣቸውን ታካሚዎች ይቁጠሩ። ወደ ክኒን መቀየር የሚችሉትን ከኃላፊው ሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ሲወጣ የኢንፌክሽን መግቢያ ይዘጋል፣ የነርሷ ጊዜ ይተርፋል፣ ከረጢቱ፣ ቱቦውና ሲሪንጁም ይቀራል። ባለፈው ጊዜ ይህን የሠሩት ልጆች ውጤታቸውን ለዋርዱ ሠራተኞች ሲያቀርቡ ፊታቸው ላይ ያየሁት መነቃቃት በየትኛውም ስላይድ አይመጣም።

አለመፈተን

ያልተፈተነ ነገር በተማሪ ዓይን ያልተሰጠ ነው። «የካርቦን አሻራ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ግን አታውጡ። ኬዝ ስጡ፦ የ68 ዓመት ሴት፣ ሳንባ ምች፣ ሦስተኛ ቀን፣ ትኩሳቷ ጠፍቷል፣ ትበላለች፣ አንቲባዮቲኳ አሁንም በደም ሥር ነው፣ በየጠዋቱ ሙሉ የደም ቆጠራ ታዟል፣ ነገ ሌላ ራጅ ይጠብቃታል። ዛሬ ምን ትቀይራለህ? ለምን? ለእሷስ እንዴት ታስረዳታለህ? ሙሉ ነጥብ የምሰጠው መጀመሪያ ወደ አልጋዋ ሄዶ የመረመራትና ከዚያ በኋላ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ የሰረዘ ተማሪ ነው።