ስለ ግብ ጠባቂ ዝውውርና ስለ ቡድን ስብስብ በወጉ ለመከራከር

በድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታግል ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይሰበሰባል፤ በርጫ የተዘረጋበት ክፍልም፣ በከዚራ ዛፎች ሥር ያለው የሻይ መቀመጫም በየፊናው የስፖርት ምክር ቤት ይሆናል። አጀንዳው እምብዛም አይለወጥም፤ ማን መሸጥ ነበረበት፣ ማን መገዛት አልነበረበትም፣ አሠልጣኙ እገሌን አስቀምጦ እገሌን ያሰለፈው ለምንድን ነው የሚለው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ እንደ ግብ ጠባቂ ጉዳይ የሚያጯጩህ የለም፤ አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ይወደሳል፣ በረኛ ግን አሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ካመለጠው ስሙ ከመጋላ እስከ ሳቢያን ይነሣል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ክርክር እንዴት ፍሬ እንደሚኖረው ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ሙቀቱን ለማብረድ ግን አይደለም፤ ሙቀት ለድሬ ሰው ብርቁ አይደለምና።

ከሁሉ አስቀድሞ ተከራካሪዎች ሊስማሙበት የሚገባው፣ ዝውውሩ የሚመዘነው በየትኛው ቀን በነበረ እውቀት ነው የሚለው ነው። አብዛኛው ክርክራችን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱን ካየን በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን «እኔ ድሮም ብዬ ነበር» እንላለን። ውሳኔ ግን ውጤቱ ሳይታወቅ የሚወሰን ነገር ስለሆነ፣ ክለቡ በፈረመበት ዕለት በእጁ ምን መረጃ እንደነበረው፣ ሌላ ምን አማራጭ እንደነበረው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ እንደ ማንቸስተር ዩናይትድ የግብ ጠባቂ ለውጥ የሚመች ምሳሌ አላገኘሁም (በእንግሊዝ ጉዳይ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳቪድ ዴ ሄያ በ2022/23 የውድድር ዘመን በ17 የሊግ ጨዋታዎች መረቡን ሳያስደፍር ወጥቶ፣ በዚህ ከሁሉ ለሚበልጥ በረኛ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት ወሰደ፤ በዚያው ክረምት ውሉ አልቆ ክለቡን ለቀቀ፤ በምትኩም አንድሬ ኦናና በ43.8 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ ዋጋ ከኢንተር መጣ። የኋላውን ውጤት አይቶ «የወርቅ ጓንት የወሰደን በረኛ የሚያሰናብት ክለብ ምን ዓይነት ክለብ ነው?» ብሎ መጮህ ቀላል ነው። በዚያ ሰኔ ግን በእጅ የነበረው መረጃ ሌላ መልክ ነበረው፤ ዴ ሄያ በሳምንት 375 ሺሕ ፓውንድ እንደሚከፈለው በሰፊው ተዘግቧል፣ አሠልጣኙ ኤሪክ ቴን ሃግ ጨዋታን ከኋላ በእግሩ የሚጀምር በረኛ ይፈልግ ነበር፣ ኦናና ደግሞ በአያክስ ከእርሱ ጋር የሠራና ገና ከቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የተመለሰ ሰው ነበር። ስለዚህ ውሳኔውን ለመንቀፍ የሚፈልግ ሰው ነቀፋውን በእነዚህ ላይ ያድርግ፤ ለምሳሌ «ተከላካዮቹ ኳስ መመሥረት የማይችሉ ከሆነ በእግሩ የሚጫወት በረኛ ምን ይሠራል?» ቢል ያ ክርክር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥር ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቁጥር የያዘ ሰው በበርጫ ላይ እንደ ዳኛ ይፈራል። በ2022/23 ዩናይትድም አርሰናልም በሊጉ የተቆጠረባቸው ጎል እኩል 43 ነበር። ሁለቱም በዚያ ክረምት በረኛ ለወጡ፤ አርሰናል ዳቪድ ራያን ከብሬንትፎርድ አመጣ። በተከታዩ ዓመት አርሰናል ላይ 29 ጎል ብቻ ሲቆጠር ዩናይትድ ላይ 58 ተቆጠረ። ይህን የሰማ ሰው «በቃ፣ አንዱ በረኛ ገዛ፣ ሌላው ወንፊት ገዛ» ብሎ ክርክሩን ሊዘጋው ይችላል፤ በእርግጥም ይህን አባባል በከዚራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሳቄንም አልደበቅኩም። ነገር ግን በዚያው ክረምት አርሰናል ዴክላን ራይስን ከተከላካዮቹ ፊት አቁሟል፣ በፊተኛው ዓመት መጋቢት ተጎድቶ የወጣው ተከላካይ ዊሊያም ሳሊባም ዓመቱን ሙሉ ተሰልፏል። በአንጻሩ በዩናይትድ ተከላካዮቹ ሊሳንድሮ ማርቲኔዝና ሉክ ሾው አብዛኛውን ዓመት በጉዳት አሳልፈዋል። የተቆጠረ ጎል የመላው ቡድን ሒሳብ እንጂ የበረኛ ብቻ አይደለም፤ መረብ ሳይደፈር መውጣትም እንዲሁ ነው። በረኛውን ለብቻው ለመመዘን የሚሻለው፣ ወደ እርሱ የመጡት ኳሶች ከተመቱበት ቦታና ከሄዱበት ማዕዘን አንጻር ስንት ጎል ሊሆኑ ይገባቸው እንደነበር አስልቶ፣ ከተቆጠረበት ጋር ማነጻጸር ነው። ይህን የሚያሰሉ ድረ ገጾች አሉ። ስልክ ከፍቶ ማየት የሚችል ሰው በመካከል ካለ ግምቱን ትቶ እርሱን ይመልከት።

ዋጋን በተመለከተ እኔ ራሴ የተዋረድኩበትን ቀን ልናገር። ቼልሲ ለኤንዞ ፈርናንዴዝ በጥር 2023 ያወጣው 106.8 ሚሊዮን ፓውንድ በአንድ ዓመት በጀት ላይ እንዳለ የወደቀ ስለመሰለኝ፣ «ይህ ክለብ በዚህ ዓመት ይከስራል» ብዬ ድርቅ ብዬ ስከራከር ነበር። ከጥግ ተቀምጦ ጫቱን ሲቀነጥስ የነበረ፣ ሥራው ሒሳብ የሆነ ወዳጃችን ቀና ብሎ ውሉ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስምንት ዓመት ተኩል ነበር። የዝውውር ዋጋ በክለብ መዝገብ ላይ ለውሉ ዘመን ስለሚካፈል፣ የዓመቱ ድርሻ ወደ 12.6 ሚሊዮን ይወርዳል ብሎ ዝም አሰኘኝ። የአውሮፓው እግር ኳስ ማኅበር ግን ከዚያ ክረምት ጀምሮ ክፍፍሉ ከአምስት ዓመት እንዳያልፍ ገድቧል፣ ፕሪሚየር ሊጉም በዓመቱ መጨረሻ ተከትሎታል፤ በአምስት ዓመት ቢካፈል ኖሮ ድርሻው 21.4 ሚሊዮን ገደማ ይሆን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ከመናገሬ በፊት የውሉን ዘመንና የደመወዙን መጠን እጠይቃለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። «በነጻ መጣ» የተባለ ተጫዋች በደመወዝ ከተገዛው ሊበልጥ እንደሚችልም አይርሱ።

የሽያጭ ሒሳብም የራሱ ጠባይ አለው። ክለቡ ከልጅነቱ ያሳደገው ተጫዋች በመዝገብ ላይ ምንም የግዢ ዋጋ ስለሌለው ሲሸጥ ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ይሆናል፤ ቼልሲ በ2023 ሜሰን ማውንትን በ55 ሚሊዮን መነሻ ዋጋ ለዩናይትድ ሲሸጥ የተቆጨ ደጋፊ ይህንን ካላወቀ ንዴቱ ግማሽ ብቻ ነው የሚሆነው። ቀኑም ዋጋ አለው። ኖቲንግሃም ፎረስት ብሬናን ጆንሰንን ቀደም ብሎ በቀረበለት ዝቅ ያለ ዋጋ ሳይሸጥ ቆይቶ የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት በ47.5 ሚሊዮን ለቶተንሃም ሸጠው፤ የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ግን በሰኔ 30 ስለነበረ ያ ገንዘብ ለዚያ ዓመት ኪሳራ ማካካሻ ሊሆነው አልቻለም፣ ሊጉ ከፈቀደው የኪሳራ ገደብ በማለፉም በመጋቢት 2024 አራት ነጥብ ተቀነሰበት። ክለቡ የተሻለ ዋጋ ማግኘቱ እውነት ነው፤ ሆኖም አራት ነጥብ ላለመውረድ ለሚታገል ቡድን ምን ያህል ብር እንደሆነ እስኪ ተነጋገሩበት። በእኔ እይታ እንዲህ ያለ ጥያቄ «ማን ይበልጣል» ከሚለው ይልቅ ከሰዓቱን ያሞቃል።

አሁን ወደ ስብስቡ እንምጣ። የግብ ጠባቂ ቦታ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ብቻ በመሆኑ ነው፤ ሁለት ጥሩ አማካዮች ካሉ ጎን ለጎን ማሰለፍ ይቻላል፣ ሁለት ጥሩ በረኞች ካሉ ግን አንዱ ይቀመጣል፣ የተቀመጠውም በጉዳት ወይም በቀይ ካርድ ካልሆነ በቀር ተራ አይደርሰውም። አሮን ራምስዴል በ2022/23 በተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ የገባ በረኛ ሆኖ ሳለ፣ በተከታዩ መስከረም ለራያ ቦታውን ለቀቀ። ብዙ የአርሰናል ደጋፊ «ልጁ ምን አጠፋ?» ብሎ ነበር፤ ጥያቄው ግን ጥፋት አልነበረም። ራያ በመጀመሪያ የመጣው በውሰት፣ 27 ሚሊዮን ፓውንድ የመግዣ አማራጭ ተይዞለት ነው፤ የውሰት ደንቡ ደግሞ ተጫዋቹ በባለቤት ክለቡ ላይ እንዳይሰለፍ ይከለክላል። ስለዚህ በመጋቢት 2024 አርሰናል ብሬንትፎርድን ሲገጥም ራምስዴል ተመለሰ፤ ኳስ ይዞ ሲዘገይ የብሬንትፎርዱ አጥቂ ዊሳ ደርሶበት አቻ አደረገ፣ አርሰናልም በመጨረሻ 2 ለ 1 አሸነፈ። ወራት ተቀምጦ ለአንድ ቀን የተጠራ በረኛ ላይ መፍረድ ይቻላልን? በሰፈራችን ይህ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል፣ አልተዘጋምም።

ስብስብ ሲባል ደንብም እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። በፕሪሚየር ሊግ ከ21 ዓመት በላይ የሆኑ ተጫዋቾች ዝርዝር ከ25 አይበልጥም፤ ከእነዚህም ውስጥ በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ማኅበር ሥር ባለ ክለብ 21 ዓመት ሳይሞላቸው ሦስት የውድድር ዘመን ያልሠለጠኑት ከ17 ሊበልጡ አይችሉም። ይህን የማያውቅ ሰው ስኮት ካርሰን በማንቸስተር ሲቲ ከ2019 እስከ 2025 ቆይቶ ሁለት ጨዋታ ብቻ ለምን እንደተጫወተ አይገባውም፤ ሦስተኛ በረኛው በአገር ቤት የሠለጠነ ሲሆን የውጭው ቦታ ለሚጫወት ሰው ይተርፋል። ስለዚህ «እገሌን እንግዛ» ያለ ተከራካሪ ወዲያውኑ «ማንን አስወጥተህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልስ ከሌለው ተራውን ለሚቀጥለው ያስተላልፍ።

ስለ አገራችን ሊግ ስንከራከር መለኪያው በከፊል ይለወጣል። እዚህ ውል በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ አብዛኞቹ ክለቦችም የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በተቋም በጀት ነው፣ የእኛው ድሬዳዋ ከተማም ከዚህ አይለይም። ስለዚህ እዚህ ዋናው ጥያቄ ዋጋው ለስንት ዓመት ይካፈላል የሚለው ሳይሆን፣ በየክረምቱ ግማሹ ቡድን ሲበተን የሚጠፋው መግባባት ስንት ነጥብ ያስከፍላል የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ የ50 ሺሕ ብር ጣሪያ ሲወጣ በየሻይ ቤቱ የተነሣው ጥያቄም ጥሩ ነበር፤ ጣሪያው ለሁሉም እኩል ከሆነ ተጫዋቹን አንዱ ክለብ ከሌላው የሚያስመርጠው ምንድን ነው? መኖሪያ፣ ደመወዝ በወቅቱ መከፈሉ፣ የአሠልጣኙ ስም፣ ምናልባትም አየሩ። በአየሩ እኛ አንወዳደርም።

የውጭ ግብ ጠባቂ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚነሣ ነው። ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን በር ጠብቋል፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ በሩ ላይ የማሊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። «ይህ የብሔራዊ ቡድኑን በረኛ ያደርቃል» የሚለው ወገንና «ክለብ የሚሠራው ለዋንጫ ነው» የሚለው ወገን የሚጨቃጨቁት ስለ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው። አንዱ ስለ ክለብ ጥቅም፣ ሌላው ስለ አገር ጥቅም ያወራል። ሰብሳቢ የሆነ ሰው በመጀመሪያ «ዛሬ በየትኛው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የምንፈርደው?» ብሎ ቢያስወስን ግማሹ ጩኸት ይወድቃል። ሌላው ግማሽ ይቀራል፣ ይቅርም።

ሽማግሌዎች በመካከል ካሉ ቅድሚያ ለእነርሱ መስጠት የአገሩ ወግ ነው፤ ነገር ግን «ድሮ ዝውውር የሚባል ነገር አልነበረም» ሲሉ በአክብሮት ማረም ይቻላል። ኮተን በሚል ስም የሚታወቀው የከተማችን የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲወስድ፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአምበልነት ያነሣው ሉቺያኖ ቫሳሎ ከአስመራ መጥቶ ለዚሁ ቡድን ተጫውቷል። በሌላ በኩል ስለ ዝና የሚሉትን ልብ ብለው ያዳምጡ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚህ ድሬዳዋ ስታዲየም ሲካሄድ፣ የቀደመው ውድድር ሻምፒዮን የነበረችው ዛየር ከምድቧ ሳታልፍ ቀርታለች፤ ከዚሁ ምድብ የተነሣችው ሞሮኮ ዋንጫውን ወስዳለች። ያን ጊዜ በስታዲየሙ የነበሩ አባት «ስሙን አትግዛ፣ እግሩን እይ» ሲሉኝ ስለ ዛየር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመጨረሻው ምክሬ ደብተር ነው። በእኛ መቀመጫ ሊጉ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው የዓመቱን ምርጥና መጥፎ ዝውውር ከነምክንያቱ ጽፎ ቀኑን ጨምሮ ይፈርማል፤ ደብተሩ ሻይ በምታፈላልን እኅታችን ዘንድ ይቀመጣል፣ ግንቦት ሳይጨርስ አይከፈትም። ምክንያት ያልጻፈ ሰው ግምቱ ቢሰምር እንኳ አይቆጠርለትም። አምና ደብተሩ ሲከፈት ከሁሉ ያማረው ምክንያት የተጻፈው በሒሳብ ሠራተኛው ወዳጃችን ነበር፤ ግምቱ ግን አልሰመረም። እኔ ገምቼ ሰምሮልኛል፣ በምክንያቱ ቦታ ግን የጻፍኩት «አቦ፣ ይታያል!» የሚል ብቻ ስለነበረ የዚያን ቀን ሻይ የከፈልኩት እኔ ነኝ።