የፈረስን የትንኝ አለርጂ በደም ምርመራ ለመለየት ሲሞከር የሚሠሩ ስህተቶች

ጋማው እየተመለጠ፣ የጭራው ሥር እየቆሰለ፣ ባገኘው ግንድና ግድግዳ የሚታከክ ፈረስ ሲያጋጥም ከሚጠረጠሩት አንዱ ኩሊኮይደስ የሚባሉት ትንኞች የሚያመጡት አለርጂ ነው። ትንኞቹ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆኑ ሲነክሱ ልብ የሚላቸው የለም። የሚበረቱትም ጀምበር ስትጠልቅና ሊነጋ ሲል ነው። ፈረሱን የሚያስቆጣው ምራቃቸው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲሆን፣ በደም ምርመራ የሚፈለገው ደግሞ ሰውነቱ በዚህ ፕሮቲን ላይ ያዘጋጀው አይጂኢ የተባለ አንቲቦዲ ነው። ምርመራው ጥቅም አለው፤ ያለ ቦታው ሲገባ ግን ገንዘብ ይበላል፣ ፈረሱም ሳይታከም ይሰነብታል።

ፖዘቲቭ ውጤትን እንደ በሽታ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኩሊኮይደስ እርጥብ ጭቃና ፋንድያ በተቀላቀለበት አፈር ይራባል፤ እንዲህ ያለ ቦታ አጠገብ የሚያድር ፈረስ ሁሉ ይነከሳል። የተነከሰ ፈረስ ደግሞ ምንም ሳያሳክከው አይጂኢ በደሙ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ፈረሱ ከትንኙ ጋር መተዋወቁን እንጂ ትንኙ ያሳመመው መሆኑን አይናገርም። ኔጌቲቭ ውጤትም ከጥርጣሬ ነፃ አያወጣም፤ የአለርጂው አንዱ ክፍል በአይጂኢ በኩል ሳይሆን ዘግይተው በሚቆጡ የደም ሕዋሳት በኩል የሚመጣ ነውና።

በሽታውን የሚለየው የፈረሱ ታሪክና የቁስሉ ቦታ ነው። ደም ከመቀዳቱ በፊት እነዚህ ይጠየቁ፦ ማሳከኩ በዝናብ ወራት ብሶ ከኅዳር በኋላ ይቀላል ወይ? ቁስሉ ያለው ጋማው፣ የትከሻው ጉብታ፣ የጭራው ሥርና የሆዱ መሐል መስመር ላይ ነው ወይ? ሲጀምረው ስንት ዓመቱ ነበር? ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ዓመት ባልሞላው ውርንጭላ ላይ እምብዛም አይታይም። እናቱ ወይም አባቱ ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው ወይ? ዝንባሌው በዘር ይተላለፋልና ይህም ፍንጭ ይሰጣል። መልሶቹ ወደ አለርጂው ሲያመለክቱ የደም ምርመራው ትርጉም ያገኛል። ካላመለከቱ ግን ፖዘቲቭ ወረቀት ያሳስታል እንጂ አይረዳም።

አለርጂው ጊዜ እንደሚፈልግም አይረሳ። ፈረስ የሚነክስ ኩሊኮይደስ ከማይገኝባት አይስላንድ ወደ አውሮፓ የሚወሰዱ ፈረሶች በዚህ በሽታ ክፉኛ ይጠቃሉ፤ ምልክቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው በሁለተኛው የትንኝ ወቅት ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ከገበያ በተገዛ በሳምንቱ መታከክ የጀመረ ፈረስ ላይ መጀመሪያ ሊታሰቡ የሚገባቸው ቅማልና እከክ ናቸው።

ቆዳውን ሳይመረምሩ ወደ ደም መሄድ

እከክን ለመለየት ምላጭ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ከቁስሉ መሐል ሳይሆን ከዳሩ፣ ትንሽ ደም እስኪታይ ድረስ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ተፍቆ ምንም ካልተገኘ ሦስት አራት ቦታ ይደገም፤ ነፍሳቱ ጥቂት ሲሆኑ በቀላሉ ያመልጣሉ። ቅማል ጋማው ተከፍሎ በጥሩ ብርሃን ሲታይ በዓይን ይለያል። ጭርት ክብ ክብ ሆኖ ፀጉር ያረግፋል እንጂ ያን ያህል አያሳክክም። ፈረሱ የሚታከከው ጭራውን ብቻ ከሆነ ኦክስዩሪስ የሚባለው ትል ይጠርጠር፤ ጠዋት ሳይታጠብ ግልጽ ስኮች ፊንጢጣው ዙሪያ ተለጥፎ ሲነሳና በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንቁላሉ ይገኛል። በሆዱ መሐል መስመር ላይ ለሚወጣ ቁስል ደግሞ ኦንኮሰርካ አለ። ይህንንም ትል የሚያስተላልፉት እነዚያው ትንኞች በመሆናቸው ከአለርጂው ጋር በቀላሉ ይምታታል።

የጋሪ ፈረስ ከሆነ ቁስሉ ማሰሪያው ከሚያርፍበት ቦታ ጋር መግጠም አለመግጠሙን ማየት ግድ ነው። ማሰሪያ የላጠውን ቆዳ በአለርጂ ስም ማከም ፈረሱን መበደል ነው። በቆዳው ሥር በመስመር የተደረደሩ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ከታዩም ነገሩ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፈረሱ ወዲያው ከሌሎች ይለይ።

መጀመሪያ ዴክሳሜታሶን መውጋት

ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ማሳከክን በጠቅላላ ስለሚያበርድ ፈረሱ ሲቀለው ምክንያቱ ይደበቃል። መነሻው እከክ ከነበረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብሶ ይመለሳል። የደም አይጂኢ፣ አለርጂ አምጪው ቆዳ ውስጥ ተወግቶ እንደሚታይበት ምርመራ በመድኃኒት ቶሎ ባይዛባም፣ ለረጅም ጊዜ የተሰጠ ስቴሮይድ ሊያወርደው ይችላል። በናሙናው ፎርም ላይ የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑና የመጨረሻው ቀን ይጻፍ።

ወቅቱን ከአውሮፓ መገልበጥ

የውጭ መመሪያዎች በሙቀት ወራት ቅዱ የሚሉት በነሱ አገር ትንኝ በብርድ ወራት ስለሚጠፋ ነው። እዚህ አቆጣጠሩ ዝናቡን ይከተላል። በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ሁለት የትንኝ ጊዜ ይፈጥራሉ፤ ለናሙና የሚሻለው ፈረሱ ሲነከስ ሰንብቶ ምልክቱ የገነነበት ጊዜ፣ በተለይ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ነው። በጥር የተቀዳ ደም ዝቅተኛ ውጤት ቢሰጥ አይገርምም።

ናሙናውን ሙቀት ላይ መተው

ለአይጂኢ የሚያስፈልገው ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር የሌለበት ቱቦ ይያዝ። ከአንገት ደም ሥር በ18 ወይም 20 ጌጅ መርፌ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መርፌው ከቀጠነና ሲሪንጁ በኃይል ከተሳበ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ቱቦው ቀጥ ብሎ በጥላ ለ1 ሰዓት ያህል ይቁም፣ ከዚያ በሴንትሪፉጅ ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር፤ ሴረሙ ወደ ሌላ ንጹሕ ቱቦ ተገልብጦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። ከሳምንት በላይ የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይሁን።

በድሬዳዋ ሙቀት ያልተለየ ደም ባጃጅ ውስጥ ግማሽ ቀን ቢውል ናሙናው አበቃ። በድንጋጤ በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም እንዲሁ ያበላሸዋል፤ ደም በረዶ ከሠራ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉና። የፈረስ ሴረም በተፈጥሮው ቢጫ ስለሆነ ቢጫነቱ አያስደንግጥ። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ግን ይጣልና እንደገና ይቀዳ።

ሴረሙ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በአገራችን ስላለ የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ይጣራ።

የምርመራውን ዓይነት አለመጠየቅ

ላብራቶሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በቤተ ሙከራ የሚራባውን የአውሮፓ ኩሊኮይደስ ኑቤኩሎሰስ ወይም የአሜሪካውን ሶኖረንሲስ ነው። በአገራችን ካሉት ዋነኛው ኢሚኮላ ነው። ምራቃቸው በከፊል ቢመሳሰልም አንድ አይደለም። ትንኙ ሙሉ በሙሉ ተፈጭቶ ከሚሠራበት ይልቅ ተለይተው በተዘጋጁ የምራቅ ፕሮቲኖች የሚሠራው ምርመራ የተሻለ ይለያል፤ ከመክፈልዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የአይጂኢ ጠቅላላ መጠን ትል ባለበት ፈረስ ከፍ ስለሚል ለዚህ አይጠቅምም። በደም የሚደረግ የምግብ አለርጂ ዝርዝር ደግሞ በፈረስ ላይ አስተማማኝ ስላልሆነ ገንዘቡ ይቆጠብ።

ውጤት እስኪመጣ ፈረሱን ሳይከላከሉ መጠበቅ

ፈረሱን ለ3 ሳምንት ከትንኝ ማራቅ ራሱ ምርመራ ነው፤ እኛ ከወረቀቱ ይልቅ የምናምነው ይህንን ነው። ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ቤት ውስጥ ይደር፣ ፋንድያው በየቀኑ ይጠረግ፣ መስኮቱ በጣም ደቃቅ በሆነ መረብ ይሸፈን። የተለመደውን አጎበር ትንኞቹ አልፈው ስለሚገቡ እሱ ብቻውን አይበቃም። መብራት ካለ ቬንትሌተር ይከፈት፤ ንፋስ ውስጥ በደንብ መብረር አይችሉም። ለፈረስ የተፈቀደ ፐርሜትሪን የተባለ የነፍሳት መከላከያም በመለያው መሠረት ይቀባ። ፈረሱ በዚህ ከቀለለውና ጥንቃቄው ሲቆም ከተመለሰበት ምርመራው መልስ አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ የደም ምርመራው የሚያገለግለው ሰውነቱን ከአለርጂ አምጪው ጋር በጥቂት በጥቂቱ ለሚያለማምደው የመርፌ ሕክምና የሚሆኑትን አለርጂ አምጪዎች ለመምረጥ ነው።

ለከብት መዥገር የሚረጨው አሚትራዝ ግን ፈረስ ላይ በፍጹም አይረጭ። የአንጀቱን እንቅስቃሴ አቁሞ ለሞት በሚያደርስ የሆድ ቁርጠት ይጥለዋል።