ስለ ሰፈራችሁ ዊኪፒዲያ ላይ ለምትጽፉ
ስለ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ታሪክ አማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ መጻፍ ካሰባችሁ፣ ዓመተ ምህረት ላይ ጠንቀቅ በሉ። የአራት ኪሎው ሐውልት የሚዘክረው ሚያዝያ 27 ቀን 1933ን ነው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ 7 ይደምርና 1940 ይላል። በፈረንጆቹ ግን ሜይ 5 ቀን 1941 ነው! 7 የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ብቻ ነው፤ እነሱ አዲስ ዓመት ከገቡ በኋላ እስከ ጳጉሜ ድረስ 8 ይሆናል። ወሩን ካላወቃችሁ ዓመቱን አትቀይሩት፣ «ዓ.ም.» ብላችሁ እንዳለ ተዉት።

ሌላው ምንጭ ነው። የሰፈር አዛውንት ጨዋታ ወርቅ ነው፣ ግን ዊኪፒዲያ የታተመ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ከእነሱ የሰማችሁትን ስምና ዘመን ደብተር ላይ ያዙና ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አገላብጡ፣ ካልሆነም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። ያገኛችሁትን ቀንና ገጽ እዛው ጻፉ፤ ቤት ስትገቡ ይጠፋችኋል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደየዳሩ ሄዷል። የምታውቋቸው አባትና እናት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።