ሐምሌ ሲገባ የሚንሿሿ መስመር፦ የቤት ስልክና ኢንተርኔት ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ክረምቱ ሲጠነክር ጎረቤትም ዘመድም ይደውልልኛል። «መስመሬ ተበላሸ፣ ምን ላድርግ?» ይላሉ። አብሽሩ፣ አብዛኛው ነገር ቤት ውስጥ የሚስተካከል ነው። የምናወራው በመዳብ ሽቦ ስለሚመጣ የቤት ስልክና በዚያው ሽቦ ስለሚገባ ኢንተርኔት ነው። ፋይበር የገባላችሁ ወደ መጨረሻው እለፉ።

መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ሞደሙን፣ ስፕሊተሩን (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለየውን ትንሽ ዕቃ)፣ ስልኮቹን በሙሉ ንቀሉ። ከዚያ ደህና መሆኑን የምታውቁትን አንድ ባለገመድ ስልክ መስመሩ ከውጭ በሚገባበት ሳጥን ላይ ሰኩ። እዚያ ጥርት ብሎ ከሰራ ጥፋቱ ያለው ቤታችሁ ውስጥ ነው። እዚያም ከተበላሸ ከሳጥኑ ወደ ምሰሶውና ወደ ስልክ ማዕከሉ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ይህን ሳትለዩ ቴክኒሻን አትጥሩ።

ስልኩ ጭራሽ ዝም ሲል

ባለገመድ ስልክ ከመብራት ጋር ጉዳይ የለውም። ከማዕከሉ ባትሪ 48 ቮልት በሽቦው ይመጣለታል። መብራት ሲጠፋ የሚሰራውም ለዚህ ነው። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ ዲሲ (ቀጥተኛ ኃይል) ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ሽቦዎች ለኩ። 48 አካባቢ ካሳየ መስመሩ ደርሷል፣ የተበላሸው ስልኩ ነው። ከ10 በታች ካሳየ አንዱ ስልክ በደንብ አልተዘጋም ማለት ነው፤ መኝታ ቤት ያለውን አትርሱ። ዜሮ ከሆነ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሁለቱ ተነካክተዋል። ባዶውን ሽቦ በእጃችሁ አትንኩ፤ ጥሪ ሲገባ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኃይል ይመጣበታል።

ዝናብ ሲዘንብ ሲንሿሿና ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ

ደሴ ውስጥ በጣም የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ሸዋ በር አካባቢ አንዲት እናት «ዝናብ ሲመጣ ልጄ ዓረብ አገር ሆና የምታወራኝ አይሰማኝም» አሉኝ። ሽቦውን ተከትዬ ከቤቱ ጠርዝ ስር ደረስኩ። ሽቦው ተቀጥሎ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር። ፌስታሉን ስፈታው ውሃ ፈሰሰ። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ ስነካው ተበጠሰ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዲሲ ኃይል ያለበት መዳብ ውሃ ሲያገኘው ይበላል። የማዕከሉ ባትሪ ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር ተያይዞ መስመሩ ኔጋቲቭ የሚሆነውም ይህን መበላት ለመቀነስ ነው። እርጥብ መገጣጠሚያ ኃይል እያሾለከ ድምፁን ያንሿሿል። ኢንተርኔቱ ደግሞ ይባስ ይጎዳል፤ እጅግ ደካማ ምልክት ስለሆነ ትንሽ ዝገት ይበቃዋል።

አረንጓዴውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ። የሚያበራ መዳብ እስክታገኙ ላጡ። ውስጡ ጄል ባለው የስልክ ማያያዣ ቀጥሉ። ፌስታልና ፕላስተር አይሆንም፣ ውሃውን ይዘው ያስቀምጡታል። ሽቦው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲቆለመም አድርጉ፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል። እናትየዋ ቤት ይህንኑ አድርገን ነሐሴን በሰላም አለፉ።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ስልኩ ሞቶ ኢንተርኔቱ ግን እያነከሰ የሚሰራ ከሆነ፣ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። 48 ቮልቱ ክፍተቱን አይሻገርም፤ የኢንተርኔቱ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን ትንሽ ክፍተት ዘሎ ያልፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሞደም ይቀይራል፣ ገንዘቡን ያባክናል።

ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ

ስፕሊተሩ የለም፣ ወይም በተሳሳተ ቦታ ነው ያለው። የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያልፋል፤ ኤዲኤስኤል የሚባለው የመዳብ ሽቦ ኢንተርኔት ከ25 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጀምሮ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። በአንድ ሽቦ ላይ ሁለት ጎዳና ማለት ነው። ስፕሊተሩ ሁለቱን ይለያል። ከሌለ የደወሉ ኃይል ሞደሙን ያንገጫግጨዋል። መስመሩን ስፕሊተሩ ላይ «ላይን» በተባለው፣ ስልኩን «ፎን» በተባለው፣ ሞደሙን በሶስተኛው ቀዳዳ ሰኩ። ሌላ ክፍል ውስጥ በስፕሊተሩ የማያልፍ ስልክ ካለ ለእሱም የራሱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

«ለአማርኛ 1 ይጫኑ» ሲል ቁልፉ የማይሰራ ከሆነ

ስልኩን ገልብጡትና ከታች ወይም ከጎን ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ እዩ። «ፐልስ» ላይ ከሆነች ወደ «ቶን» አዙሯት። በቃ።

ለምን ሁለት ዘዴ ኖረ? አልሞን ስትራውጀር የተባለ አሜሪካዊ የቀብር ሥራ ነበረው። የስልክ ኦፕሬተሯ የእሱን ደንበኞች ለተፎካካሪው ታገናኛለች ብሎ ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ1891 ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ ማዞሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ የመጣው ክብ መደወያ በየቁጥሩ መስመሩን እየቆረጠ ይቆጥራል፤ 5 ስትደውሉ አምስት ጊዜ ይቆርጣል። «ፐልስ» የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የቁልፍ ድምፅ፣ ማለትም «ቶን» መጣ። 5ን ስትጫኑ 770 እና 1336 ኸርዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች አብረው ይሄዳሉ። የሚያናግራችሁ ማሽን ጥሪው ከተገናኘ በኋላ የሚሰማው እነዚህን ድምፆች ነው፤ የመስመር መቁረጥ አይደርሰውም።

ኮምቦልቻ ላሉ

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትደርሱ ብርዱ ይቀራል፣ የመሣሪያ ችግርም ይለያል። በቆርቆሮ የተሠራ ሱቅ ውስጥ፣ ፍሪጅ ላይ የተቀመጠ ሞደም ከሰዓት ሲግል ራሱን ያጠፋል። መስመሩ ደህና ነው። አየር የሚያገኝበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ አቧራውን አራግፉ።

በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ስታወሩ ድምፅ ሲቆራረጥ

ይህ ፋይበር ላላቸውም ያጋጥማል። ድምፃችሁ ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ነው የሚሄደው፤ የዘገየች ጥቅል ትጣላለች። ማውረዱ ፈጣን ቢሆንም መላኩ ሲጨናነቅ ድምፃችሁ ይቆራረጣል። የልጆቹ ስልክ ፎቶ ወደ ላይ እየጫነ ከሆነ አስቁሙት።

ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ከጠቆረ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ የሞደሙን የመብራት ሶኬት ብቻ ሳይሆን የስልክ ገመዱንም ንቀሉ። መብረቅ በስልክ ሽቦም ይገባል።