ቻናሉ ተከፈተ፣ ሰው የለም፦ ለላይብረሪ ሠራተኛ ችግርና መፍትሄ

እኔ ካርድ ካታሎግ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ቴሌግራምና ፌስቡክ ይከፈትልን» ተባለ፤ ስልክ ስነካካ የታየሁት እኔ ስለነበርኩ ሥራው እኔው ላይ ወደቀ። ሥልጠና የለም፣ መመሪያ የለም። ከዚያ በኋላ የገጠመኝን ብልሽት ሁሉ ማስታወሻ ላይ ስጽፍ ቆየሁ። መጀመሪያ ሁሌም ስልኩን ወይ ኔትወርኩን ነበር የምወቅሰው፤ ሲጣራ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

ቻናሉ አለ፣ ሰው አይገባም

በመጀመሪያው ሳምንት ቴሌግራም ቻናላችን ላይ 11 ተከታይ ነበረን። ሰባቱ እኛው ሠራተኞቹ ነን።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። ስንከፍተው «ፕራይቬት» ላይ ትተነዋል፤ ፕራይቬት ቻናል ደግሞ ሰው ስሙን ቢፈልግ አይመጣለትም፣ በሊንክ ብቻ ነው የሚገባው። ይህን ካስተካከልን በኋላ የመረጥነው ዩዘርኔም የመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስም በእንግሊዝኛ ሆነ፤ እኔ ራሴ ሳልሳሳት መጻፍ አልቻልኩም። ፐብሊክ አድርጉት፣ ስሙን አሳጥሩት፣ ከዚያ ቴሌግራም ራሱ የሚያወጣውን ኪውአር ኮድ አትሙና ለጥፉ። የት? ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይደለም፤ እሱን ማንም አያነብም። ቦርሳ አስረክበው ቁጥር የሚቀበሉበት ባንኮኒ ላይ ለጥፉት። እዚያ ሰው ተሰልፎ ይቆማል፣ የሚያየው ነገር የለውም።

ከስልካችሁ ኮንታክት እየመረጣችሁ ሰው ማስገባትም ይቻላል፣ እስከ መጀመሪያዎቹ 200 ሰዎች ድረስ። እኔ አልመክርም። ሳይጠየቅ የገባ ሰው ወይ ወዲያው ይወጣል ወይ ድምፁን ዘግቶ ይረሳችኋል።

ሰው ገባ፣ ግን ማንም አይናገርም

ቻናል የአንድ ወገን ነው፤ እናንተ ትለጥፋላችሁ፣ ሌላው ያነባል። አንባቢ እንዲመልስ ከፈለጋችሁ ግሩፕ ከፍታችሁ በቻናሉ ሴቲንግ ውስጥ «ዲስከሽን» በሚለው በኩል ታገናኙታላችሁ። ከዚያ በየፖስቱ ሥር ኮሜንት መጻፊያ ይመጣል። ኮሜንት ሲመጣ ግን ሌሊት ሌሊት «በቀን ይህን ያህል ብር ሥሩ» የሚሉም ይመጣሉ። በግሩፑ ፈቃዶች ውስጥ አባላት የሚለጥፉት ሊንክ ቅድመ ዕይታ (ፕሪቪው) እንዳያወጣ ማድረግ ይቻላል። ሊንኩን ራሱን ግን አያስቀረውም፤ እሱን ጠዋት ጠዋት በእጅ መጥረግ ነው።

ሰዓቱ ተዛባ

ይሄኛው እስካሁን ያሳፍረኛል። የልጆች የተረት ፕሮግራም ነበረን፤ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት። ፌስቡክ ላይ «ኢቨንት» ከፍቼ የሰዓቱ ቦታ ላይ 8:00 ብዬ ሞላሁና በሥራዬ ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስደርስ አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ በር ላይ ቆማለች። ትንሹ ግማሽ ዳቦ በእጁ ይዟል። ዘበኛው እሷንም እኔንም እያፈራረቀ ያያል፤ ዛሬ ምን እንዳለ ለሱም የነገረው የለም። ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ልክ ነበረች። እኔ የጻፍኩት 8:00 ለፌስቡክ የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ልጆቹን አስገብቼ ሥዕላዊ መጻሕፍት አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይጠብቁ ማለት ግን አልቻልኩም። ተረቱን ሳይሰሙ ሄዱ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ስልኩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ከማለዳ። ስለዚህ 6 ደምሩ፦ 8 ሲደመር 6 14 ነው፣ ማለትም 2:00 ፒኤም። ቀኑም እንደዚያው፤ ጥር 17 ብላችሁ ጃንዋሪ 17 ብትሞሉ ሰው ስምንት ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ የዚያ ዓመቱ ጥር 17 ጃንዋሪ 25 ነበር። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ በቀጠሮ እንዲወጣ ስታዙም ሰዓቱ የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው።

አሁን ጽሑፉ ውስጥ «ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት» ብዬ በቃል አስቀምጣለሁ። ከመለጠፌ በፊት ስልኩን ለባልደረባዬ አቀብልና «ይሄ ስንት ሰዓት ነው?» እላታለሁ። ካመነታች እንደገና እጽፋለሁ።

አማርኛው ተበላሽቶ ይወጣል

የአዲስ ገቢ መጻሕፍት ዝርዝር ከቢሮው ኮምፒውተር ኮፒ አድርጌ ስለጥፍ የወጣው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ቫይረስ መሰለኝ። ዝርዝሩ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው፤ ያ ፎንት በላቲን ፊደላት ላይ የግዕዝ መልክ የሚያለብስ ነው፣ ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ሲሄድ ልብሱ ይወልቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቢሮ ፋይሎቻችን ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በድሮው መንገድ ሲተየቡ ቆይተዋል። አጭር ከሆነ በስልክ ኪቦርድ እንደ አዲስ ተይቡት። ረጅም ከሆነ መቀየሪያ ፕሮግራም ተጠቅማችሁ መስመር በመስመር አርሙት። ስክሪንሾት አንስቶ መለጠፍ ያጓጓል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ችግሩ ሥዕል ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። ስለ ፍለጋ ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ።

ለጥፌዋለሁ፣ ሲፈልጉት ግን አያገኙትም

አንድ ተማሪ «ስለ ስነ ጽሁፍ ምንም አልለጠፋችሁም» ብሎ ጻፈ። ከሳምንት በፊት አምስት መጻሕፍት ለጥፌያለሁ! ገብቼ እሱ እንደጻፈው ፈለግኩ። ባዶ። እኔ «ሥነ ጽሑፍ» ነበር ያልኩት።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሥ እና ስ፣ ጽ እና ፅ፣ ሑ፣ ሁ እና ኁ። ይህቺ አንዲት ቃል በ12 መልክ ልትጻፍ ትችላለች፤ ሁለቱን ቃል ገጥሞ የሚጽፍ ሲጨመር 24። ለጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ለስልኩ ግን 24 የተለያዩ ነገሮች። ማን ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሰዎች ተዉት፤ አንባቢን በኮሜንት ፊደል ማረም ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

መድኃኒቱ ቤታችን ውስጥ ነበር። ካታሎግ ላይ የደራሲን ስም ስንይዝ አንድ አጻጻፍ መርጠን ሌላውን ወደዚያ እንመራ የለ? ያው ነው። በየፖስቱ መጨረሻ አንድ የማይለወጥ ሃሽታግ አስቀምጡ፣ በታች ሰረዝ (_) የተያያዘ፦ #ሥነ_ጽሑፍ፣ #የልጆች_መጽሐፍ፣ #አዲስ_ገቢ። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ ካለ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። እኛ 14 ሃሽታግ አሉን፤ ዝርዝሩ ከቻናሉ አናት ላይ ፒን ተደርጓል። አንባቢ መጻፍ ሳይጠበቅበት ይነካዋል፣ ይከፈትለታል። ሠራተኛ በየፊናው አዲስ ሃሽታግ መፍጠር ሲጀምር ግን ነገሩ ይፈርሳል። እኛ ጋ ተጣልተንበታል።

«ፒዲኤፉን ላኩልን»

ይህ በየፖስቱ ሥር ይመጣል። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚሸከም ሰው የሚያውቀው እንደ መጽሐፍ መጋዘን ነው፤ ስለዚህ ላይብረሪ ቻናል ሲከፍት መጽሐፉን ራሱን ይጠብቃል። አንድ ባልደረባችን ልቡ ራርቶ የአዲስ ልብ ወለድ 40 ገጽ በስልኩ አንስቶ ለቀቀው። በዚያው ማታ አስጠፋሁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። መጽሐፉን ገዝተን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጣችን አባዝተን እንድናድል አይፈቅድልንም።

«አይቻልም» ብቻ ብላችሁ ግን አትመልሱ። እኔ የሽፋኑን ፎቶ፣ ማውጫውንና የመደርደሪያ ቁጥሩን አድርጌ «አንድ ቅጂ ገብቷል፣ እስከ ዓርብ ላቆይልህ?» እላለሁ። ከጠየቁት ውስጥ አንዳንዱ እውነትም ይመጣል።

አካውንቱ ከሰው ጋር ሄደ

ፌስቡኩን የከፈተልን ጎበዝ ልጅ ነበር፤ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ቁጥር። ተዛወረ። ጠብ የለም፣ ክፋት የለም፤ ሲሙን ቀየረና የይለፍ ቃሉን ረሳው፣ እኛም ውጭ ቀረን። ያውም የተከፈተው ፔጅ ሳይሆን እንደ ግለሰብ ፕሮፋይል ሆኖ ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ከ5000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም። ከዜሮ ጀመርን።

አሁን በላይብረሪው ስም የወጣ ሲም አለን። ፌስቡኩ ፔጅ ነው፣ ሁለት አድሚን አለው። ቴሌግራሙ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) በርቷል፤ ይህን ቀድማችሁ አብሩ፣ ምክንያቱም የቻናል ባለቤትነት ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ማረጋገጫው ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የበራ መሆን አለበት፤ ሰውየው ነገ ሊሄድ ዛሬ ብትጀምሩ አይሆንም። «ኮዱን ላክልኝ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ከኃላፊው ስልክም ቢሆን፣ ደውላችሁ ድምፅ ስሙ እንጂ ኮድ አትላኩ።

የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ነው፣ ከማኅተሙ አጠገብ። በርክክብ ቅጹ ላይም ከቁልፎቹ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምረንለታል።