ለቀላል ድባቴ ዕፅዋትን በጥንቃቄ መጠቀም

የስሜት መጨፍገግ፣ እንቅልፍ ማጣትና ይወዱት በነበረው ነገር ደስ አለመሰኘት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከዘለቀ ድባቴ ሊሆን ይችላል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ድካሙንና ራስ ምታቱን «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ መስጠት የተለመደ ነው። በዳማ ከሴው ቅሬታ የለኝም፤ የሚያሳስበኝ በዚያ ሰበብ የሚባክነው ጊዜ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ስሜቱ የጀመረዎትን ቀን ይጻፉ።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ፣ ማለትም እየከበድዎትም ቢሆን የዕለት ሥራዎን የሚሠሩ ከሆነ፣ የጦስኝ ሻይ ሊረዳዎት ይችላል። ሲገዙ ቅጠሉን በሁለት ጣት አሸት አድርገው ያሽትቱት፤ ሽታው ወዲያው ካልመጣ የከረመ ነው። አቧራውን አበጥረው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ይዘፍዝፉና እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ከድነው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ጦስኝ ድባቴን እንደሚፈውስ አልተረጋገጠም፤ የምመክረው የማታውን ቡና ተክቶ እንቅልፍ ስለሚያተርፍና ከቤተሰብ ጋር ስለሚያስቀምጥ ነው። ቡና ላይ የሚጨመረውን ጤና አዳም ነፍሰ ጡር ሴት ትተወው። ጫት ደግሞ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱን ያብሰዋል እንጂ አያባርረውም።

በቀላልና በመካከለኛ ድባቴ ላይ በብዙ ጥናት ተፈትኖ ጥቅም ያሳየው ዕፅ ሴንት ጆንስ ዎርት ነው። በተለምዶ ከዕፁ የተዘጋጀ 300 ሚሊ ግራም ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ውጤቱም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በደጋው የሚበቅለው ባለ ቢጫ አበባው አሜጃ ዘመዱ ቢሆንም አንድ ስላልሆኑ በእርሱ ምትክ ቀቅለው አይጠጡ። ዘመድ ከዐረብ አገር ክኒኑን ቢልክልዎት ሳይውጡት በፊት ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን ያዳክማል። ከሐኪም የድባቴ መድኃኒት ጋር ከተወሰደም ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መደናገር ሊያስከትል ስለሚችል ሁለቱን በፍጹም አይደርቡ።

በ6 ሳምንት ለውጥ ካላዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ሞትን መመኘት ከመጣ ግን ሳያድሩ፣ የሚያምኑትን ሰው አስከትለው ይድረሱ። ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው ቀድሞ የተወሰደውን አውቆ በመሆኑ፣ የጠጡትን ዕፅ ሁሉ፣ ቡና ላይ ያደረጓትን ጤና አዳም ጭምር፣ ሳይደብቁ ይንገሩት።