አሜሪካ ውስጥ የእግርና የቁርጭምጭሚት ሐኪም ስትፈልጉ

እንደመጣን የምናገኘው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ቆመን የምንውልበት ነው። እኔም መጋዘን ውስጥ በቀን ለ10 ሰዓት እየቆምኩ በሦስተኛው ወር ላይ፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግራ ተረከዜን ምስማር የገባበት ያህል ይወጋኝ ጀመር። ጥቂት ስራመድ ረገብ ይላል፤ ከሥራ ስመለስ እንደገና ይነሳል። የማደርገው ጠፍቶኝ ኢመርጀንሲ፣ ማለትም የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ፣ ራጅ ተነስቼ፣ «አጥንትህ ደህና ነው፣ የእግር ሐኪም ጋ ሂድ» ተብዬ ወጣሁ። ከሳምንታት በኋላ ቢሉ፣ ማለትም የሕክምናው ሂሳብ፣ በፖስታ መጣ። መጀመሪያ ወደ ማን መደወል እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ባልደረሰብኝ፤ ይህን የምጽፈውም እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው።

እግር የሚያክሙት ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፖዲያትሪስት የሚባለው ነው። ከጅምሩ ትምህርቱ እግር ላይ ነው፦ ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ 4 ዓመት የእግር ሕክምና ይማራል፣ ከዚያ 3 ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ይሠለጥናል። ከስሙ ቀጥሎ ዲፒኤም (DPM) የሚሉ ፊደላት ታያላችሁ። የተረከዝ ሕመም፣ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር፣ እግር ቆዳ ላይ የሚወጣ ኪንታሮት፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር፣ የአውራ ጣት አጥንት ወደ ጎን መውጣት፣ ይህ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው፤ ቀዶ ጥገናም ይሠራል። ቁርጭምጭሚት ላይ እስከ ምን ድረስ መሥራት እንደሚችል ግን እንደየስቴቱ ሕግ ይለያያል። ሁለተኛው ኦርቶፔዲክ፣ ማለትም የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው። ከሕክምና ትምህርት በኋላ 5 ዓመት በአጥንት ላይ ይሠለጥናል፤ እግርና ቁርጭምጭሚትን ብሎ የያዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ይጨምርበታል። ከባድ ስብራት፣ የተበጠሰ ጅማት፣ ያለቀ የቁርጭምጭሚት መጋጠሚያ ወደ እሱ ያመራል። ለተለመደው ሕመም ፖዲያትሪስቱ ይበቃል፤ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ ነው የምለው።

ኢመርጀንሲ የሚያስኬደው ሌላ ነው። ወለም ካላችሁ በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃታችሁ ወይም የቁርጭምጭሚቱን ጉብ ያለ አጥንት ሲነኩት ክፉኛ ካመማችሁ፣ ስብራት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ራጅ ያስፈልጋል። አታሹት። ከኋላ የተመታችሁ መስሏችሁ «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና በጣታችሁ ጫፍ መቆም ካቃታችሁ፣ የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አጥንት የታየበት ቁስል፣ ትኩሳት ያለበት ቀይ እብጠት፣ ቀለሙ የተለወጠና የቀዘቀዘ እግርም ቀጠሮ አይጠብቅም። በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት የሆስፒታል ኢመርጀንሲ መክፈል ትችላላችሁ ወይ ሳይል የመጀመሪያ ምርመራ ያደርግላችኋል። ቢሉ ግን በኋላ ይመጣልና፣ አጣዳፊ ላልሆነ ነገር አትሂዱበት።

አሁን ወደ ፍለጋው። የኢንሹራንስ ካርዳችሁን ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ የአባላት ስልክ ቁጥር አለ። ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስፔሻሊስት ለማየት ሪፈራል (የመላኪያ ወረቀት) ያስፈልገኛል ወይ? በአቅራቢያዬ ኔትወርክ ውስጥ ያሉት፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያላቸው የእግር ሐኪሞች እነማን ናቸው? ኢንሹራንሳችሁ ኤችኤምኦ (HMO) የሚባለው ዓይነት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ሪፈራል መጻፍ አለበት። ፒፒኦ (PPO) የሚባለው ዓይነት ከሆነ ባብዛኛው ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ እንደየስቴቱ ስለሚለያይ የእግር ሕክምናን ምን ያህል እንደሚሸፍን ጠይቁ።

ስም ስላገኛችሁ ግን አትርጉ። የኢንሹራንስ ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ ያረጁ ናቸው፤ ሐኪሙ ለቆ ወይም ኢንሹራንሱን መቀበል ትቶ ሊሆን ይችላል። ክሊኒኩ ጋ ደውሉና ካርዱ ላይ የተጻፈውን የፕላን ስም ሙሉውን እያነበባችሁ፣ «አር ዩ ኢን ኔትወርክ ዊዝ ዚስ ፕላን?» በሉ። «ኢንሹራንሱን እንቀበላለን» እና «ኔትወርክ ውስጥ ነን» አንድ አይደሉም። የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። የሐኪሙን ፈቃድ ደግሞ በስቴቱ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፤ የቅጣት ታሪክ ካለውም ብዙ ጊዜ እዚያው ይወጣል።

ኢንሹራንስ የሌላችሁ የአካባቢ እርዳታ መረጃ በሚሰጠው ስልክ፣ 211፣ ደውሉና በአካባቢያችሁ ያለውን ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር ጠይቁ። እነዚህ ማእከሎች የሚያስከፍሉት በገቢ ልክ ነው፤ አንዳንዶቹም የእግር ሐኪም አላቸው። ከኪስ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ክሊኒኩ የወጪውን ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። መብታችሁ ነውና ሳታፍሩ ጠይቁ።

አስተርጓሚም እንዲሁ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሕክምና ሰጪ፣ ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ ጭምር፣ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ አስመዝግቡ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም መሸከም የለበትም። አንድ ማሳሰቢያ፦ በአማርኛ ሰዓት ሲነገራችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። አንዲት እህት «ሦስት ሰዓት» ሲባሉ ጠዋት ሄዱ፤ ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር።

በቀጠሮው ቀን የምትሠሩበትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። የእኔ ሐኪም መጀመሪያ ያየችው እግሬን ሳይሆን ጫማዬን ነው። ገልብጣ ሶሉን አየችና ተረከዙ በአንድ በኩል ማለቁን አሳየችኝ። ቀጥላ በአውራ ጣቷ ውስጥ እግሬን፣ ተረከዜ ፊት ለፊት ወደ ውስጥ በኩል ያለውን ቦታ ስትጫን ከወንበሩ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ከተረከዝ ወደ ጣቶች የሚሄደው ጠንካራ ጅማት ተቆጥቶ ነበር። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በባት ማሳሳብ፣ በጫማ ውስጥ ድጋፍና በትዕግሥት፣ በወራት ውስጥ ይሻላል፤ ቀዶ ጥገና የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቀዶ ጥገና የሚላችሁ ካለ ሌላ ሐኪም አስተያየት ጠይቁ። የጥፍር ቀለም አስለቅቁ፣ የመድኃኒቶቻችሁን ስም ጻፉ፣ ራጅ ካላችሁ በሲዲ አስገልብጡ።

ስኳር ያለባችሁ ወይም ስኳር ያለባቸው ወላጆች ያሏችሁ፣ እባካችሁ እግር እስኪያም አትጠብቁ። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ቁስል አያምም፤ አደጋው ያ ነው። ሐኪም እግርን ቢያንስ በዓመት አንዴ ማየት አለበት፤ ዓይን አስጨፍኖ በቀጭን የናይለን ክር እየነካካ ይሰማህ እንደሆነ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ማታ ማታ ውስጥ እግርንና የጣቶቹን መሐል በመስታወት እዩ። ቁስል ካገኛችሁ በዚያው ሳምንት ሳይሆን በማግስቱ ደውሉ፤ «ስኳር አለብኝ፣ ቁስል አለኝ» ስትሉ ብዙ ክሊኒኮች ቀጠሮውን ያፋጥናሉ።

ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ወጪው ብዙውን ጊዜ በእናንተ ኢንሹራንስ ሳይሆን በአሠሪው የሠራተኛ ካሳ መድን ይሸፈናል፤ በብዙ ስቴቶች ሐኪሙንም የሚመርጠው አሠሪው ወይም መድኑ ነው። በዚያው ቀን ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም ያዙ። ሥራ ላይ ባይደርስ እንኳ ለአሠሪ የሚሰጥ ደብዳቤ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። እኔ በሁለተኛው ቀጠሮ ነው የጠየቅኩት። ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀመጥ እንዳይቆም ብላ ጻፈችልኝ፤ በማግስቱ ለአለቃዬ ሰጠሁት፣ ለስድስት ሳምንት የዕቃ መለያ ወረቀት የሚለጠፍበት ጠረጴዛ ላይ መደበኝ።